ለቱ ቢሽቫት ምን እንሥራ፣ ምንስ እንግዛ? የዛፎችን አዲስ ዓመት ከልጆች ጋር ለማክበር የሚያግዝ የአማራጮች ንጽጽር

በአይሁድ አቆጣጠር የሽቫት ወር ሲገባ ከየጋኑ (ከየመዋዕለ ሕፃናቱ) እና ከየትምህርት ቤቱ ለወላጆች መልእክት መምጣት ይጀምራል፤ አንዱ የደረቀ ፍራፍሬ ላኩ ይላል፣ ሌላው ከልጃችሁ ጋር የእጅ ሥራ ሠርታችሁ አምጡ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ለችግኝ ተከላ ጉዞ ፈቃድ ፈርሙ ይላል። በዚያው ሰሞን የሱቅ መደርደሪያዎች በፕላስቲክ ቅጠልና በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይሞላሉ። እዚህ እስራኤል በምኖርበት ሰፈር፣ በማኅበረሰብ ማዕከላችን፣ ለእናቶችና ለልጆች የተዘጋጀውን የእጅ ሥራ ሰዓት ለበርካታ ክረምቶች መርቻለሁ፤ በየዓመቱም የሚቀርብልኝ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ የትኛው ይሻላል የሚል ነው። መልሱ እንደ ልጁ ዕድሜ፣ እንደ ቤቱ ስፋትና እንደ ኪስ ይለያያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያዎቹን አስቀምጬ ሰባት አማራጮችን በየተራ እመለከታለሁ።

ቀኑ ምንድን ነው?

ቱ ቢሽቫት የሽቫት ወር 15ኛ ቀን ነው። የዕብራይስጥ ፊደላት ለቁጥር ሲያገለግሉ ቴት 9፣ ቫቭ ደግሞ 6 ነው፤ ሁለቱ ተደምረው 15 ይሆናሉ፣ አንድ ላይ ሲነበቡም «ቱ» ይላሉ። ሚሽና፣ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ፣ አራት አዲስ ዓመቶችን ሲዘረዝር አንዱን ለዛፎች ሰጥቶታል፤ ከሁለቱ የሊቃውንት ወገኖች የሻማይ ቤት የወሩን መጀመሪያ፣ የሂሌል ቤት 15ኛውን ቀን ይሉ ነበር፣ ልማዱም በሂሌል ቤት ጸና። በመጀመሪያ ቀኑ የሒሳብ ቀን ነበር፦ የትኛው ፍሬ ለየትኛው ዓመት አሥራት እንደሚቆጠር ይለይበት ነበር። በምድረ እስራኤል በዚህ ጊዜ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ዘንቦ ስለሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚያፈራው ፍሬ የአዲሱ ዓመት ፍሬ ተደርጎ ይወሰዳል። ከብዙ ዘመን በኋላ የጽፋት ከተማ ምሥጢራውያን ሊቃውንትን ፈለግ የተከተሉ ሰዎች ፍራፍሬና አራት ጽዋ ያለበትን ሴደር፣ ማለትም በሥርዓት የሚመራ ማዕድ፣ ሠሩለት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ደግሞ በዚክሮን ያዕቆብ የሚያስተምረው ዜኤቭ ያቬጽ ተማሪዎቹን ይዞ ዛፍ ሊተክል ወጣ፤ ልማዱም ከዓመታት በኋላ በመምህራን ማኅበርና በቀረን ካየመት (በአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ) አማካይነት በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። የመጀመሪያው ክኔሴት፣ የእስራኤል ምክር ቤት፣ ሥራውን የጀመረውም በዚሁ ቀን፣ በ1949 ነው።

ከኢትዮጵያ የመጡ አያቶቻችን ይህን በዓል ከአገር ቤት ይዘውት አልመጡም። የቤተ እስራኤል ሥርዓት በኦሪት ላይ የቆመ ስለነበረ ከሚሽና የሚነሣ በዓል አልነበራቸውም። ስለዚህ ልጁ ከጋን በዓሉን ይዞ ሲመጣ አያቱ እንግዳ ሆና ዳር ትቀመጣለች። አፈሩ፣ ዘሩ፣ ሣሩና ፍሬው ግን ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ የኖሩ ነገሮች ናቸው፤ መቀስና ኮላ ከሚያውቀው የልጅ ልጇ ይልቅ የበዓሉን ነገር በእጅ የምታውቀው እርሷ ናት። እኔ አማራጮችን ስመዝን ይህን ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ እርሷን ዳር የሚያስቀምጥ ሥራ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለእኛ ቤት ሙሉ ሥራ አይመስለኝም።

የምንመዝንባቸው መስፈርቶች

የመጀመሪያው መስፈርት ሥራው ስለ ዛፍና ስለ ወቅቱ እውነተኛ ነገር ይናገራል ወይ የሚለው ነው። አረንጓዴ የተቀባ ነገር ሁሉ የዛፍ በዓል አይሆንም። ልጁ ሥራውን ጨርሶ «ለውዙ ከቅጠሉ በፊት ያብባል» ወይም «ወይራው በውስጡ ፍሬ ድንጋይ አለው» ማለት ከቻለ ሥራው አስተምሯል።

ሁለተኛው ማን ሊሠራው ይችላል የሚለው ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ የአሥር ዓመት ልጅና አያት በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ድርሻ ሊያገኙ ይገባል። ሦስተኛው ወጪና ቦታ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንኖረው በጠባብ አፓርታማ ውስጥ፣ ብዙ ልጆች ይዘን ነው። አራተኛው ከበዓሉ ማግስት ምን ይቀራል የሚለው ሲሆን፣ ይህ ለዚህ በዓል ከሌሎቹ በዓላት ሁሉ በላይ ይከብዳል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማን በጦርነት ስትከብ እንኳ የሚያፈራውን ዛፍ አትቍረጥ ይላል፤ ሊቃውንቱም ከዚህ ተነሥተው ማንኛውንም ጠቃሚ ነገር በከንቱ ማጥፋትን ከልክለዋል። የዛፍን በዓል አክብሮ በማግስቱ አንድ ከረጢት ፕላስቲክ መጣል ከቀኑ ትርጉም ጋር ይጋጫል።

የቀረው የሕግና የደኅንነት ጉዳይ ነው። በዓሉ በሰንበት ሲውል መቁረጥ፣ መለጠፍ፣ መዝራትና ተክል ማጠጣት አይቻልም፤ በ2027 ጃንዋሪ 23 የሚውለው ቱ ቢሽቫት በሰንበት ነው። በሽሚታ፣ ማለትም ምድር በምታርፍበት ሰባተኛ ዓመት፣ ደግሞ በምድረ እስራኤል ተከላ አይደረግም፤ ቀጣዩ ሽሚታ በዕብራይስጥ አቆጣጠር 5789 ስለሆነ የ2029ን ቱ ቢሽቫት ይነካል። ለውዝና መሰሎቹ ጠንካራ ፍሬዎች ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቁ ይችላሉ፣ አለርጂ ላለበት ልጅም አደገኛ ናቸው።

1. ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ማስጌጫ

የፕላስቲክ ቅጠል ሐረግ፣ የታተመ የፍራፍሬ ሥዕል፣ ተቆርጦ የተዘጋጀ የሚለጠፍ ዛፍ። ጊዜ ይቆጥባል፣ ቤትም አያቆሽሽም። ልጁ ግን ከእሱ የሚማረው ትንሽ ነው፤ ሥዕሎቹም ብዙ ጊዜ ወቅቱ ያልሆነ ቀይ ፖም የተንጠለጠለበት ዛፍ ያሳያሉ። ለብዙ ልጆች አንድ ሰፊ አዳራሽ በአንድ ሌሊት ማስጌጥ ያለባት መምህርት ብትገዛው አልወቅሳትም፤ ያን ጊዜም ከፕላስቲኩ ይልቅ የሚታጠፈውን የወረቀት ሐረግ መርጣ ለከርሞ ብታስቀምጠው ይሻላል።

2. የወረቀት ለውዝ ዛፍ

በእስራኤል የዚህ በዓል ምልክት የለውዝ ዛፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። በዕለት ንግግራችን ለውዝ ስንል ብዙዎቻችን ከመሬት ሥር የሚወጣውን ኦቾሎኒ ማለታችን ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኤርምያስ መጀመሪያ ላይ ያለው «የለውዝ በትር» ግን በዕብራይስጥ ሻኬድ የተባለው ዛፍ ነው። በዚያ ክፍል ሻኬድ ከሚለው ስም ጋር «ተግቶ መጠበቅ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተጣምሯል፤ ዛፉ ከሌሎች ቀድሞ ነቅቶ ስለሚያብብ ስሙ ይስማማዋል። ልጁ ለአያቱ «የለውዝ ዛፍ ሠራሁ» ሲላት ኦቾሎኒ እንዳይመስላት ይህን ቢያስረዳት ጥሩ የጨዋታ መነሻ ይሆናል።

ሥራው ቀላል ነው። ከግቢ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ ይለቀማል፣ ጠጠር በተሞላ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይተከላል፤ ከዚያ ነጭና ፈካ ያለ ሮዝ ስስ ወረቀት በትናንሹ ተቆርጦ በኮላ ይለጠፍበታል። ሮዝ ወረቀት ከሌለ ነጭ ሶፍት በቀይ ሥር ውኃ ነክሮ ማድረቅ ይቻላል፤ የሚወጣው ቀለም ከሱቁ ወረቀት ይልቅ እውነተኛውን አበባ ይመስላል። ሁለት ነገር ልብ ይባል፦ የለውዝ አበባ አምስት ቅጠል አለው፣ የሚወጣውም ራቁቱን በቆመው እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ቅጠል አይለጠፍም። ብዙ የሥራ ናሙናዎች አረንጓዴውን ከሮዙ ጋር ቀላቅለው ያሳያሉ፤ ልጁን ግን በመስኮት ወይም በመንገድ ያበበ ለውዝ ብታሳዩት ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል።

ወጪው ከሞላ ጎደል ምንም ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ወረቀቱን ይጨብጣል፣ ትልቁ አምስቱን ቅጠል ይቈርጣል። ድካሙ ያለው በኮላው ላይ ነው፤ አያት በዚህ ሥራ ብዙ ድርሻ የላትም። ለማስጌጥ ብሎ ያበበ ቅርንጫፍ ከዛፍ መቁረጥ ግን አይገባም፤ እንደ ካላኒትና ራከፌት ያሉትን የዱር አበቦች መቅጠፍም በእስራኤል በሕግ የተከለከለ ነው።

3. ከእህልና ከጥራጥሬ የሚሠራ ሥዕል

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና በቆሎ በካርቶን ላይ እየለጠፉ ዛፍ መሥራት በየጋኑ የተለመደ ነው። ለትንንሽ ጣቶች ጥሩ ልምምድ ይሆናል፣ ቀለሙም ያምራል። እኔ ግን አልመርጠውም፣ ምክንያቱንም በግልጽ ልናገር። ወደ እስራኤል ሲጓዙ በሱዳን በረሃ ረኀብን ያዩ ሽማግሌዎች በመካከላችን አሉ። አንድ ዓመት በማዕከላችን ይህን ሥራ ስናሠራ አንዲት እናት ከጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ምስር አንድ በአንድ ለቅመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ እህል በኮላ አላስለጥፍም። የፍራፍሬ ፍሬ ድንጋይ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የለውዝ ቅርፊት፣ የወደቀ ቅጠልና የጥድ ፍሬ ተመሳሳይ ሥዕል ይሠራሉ፤ እነዚህ ተበልተው ወይም ወድቀው የቀሩ ስለሆኑ ማንንም አያሳዝኑም።

4. የፍራፍሬ ገበታ

ከአማራጮቹ ሁሉ ቤተሰቡን በአንድ ላይ የሚያስቀምጠው ይህ ነው፤ ማስጌጫውም ምግቡ ራሱ ይሆናል። በሴደሩ ልማድ ፍሬዎች በሦስት ይከፈላሉ፦ ውጫቸው የማይበላ፣ እንደ ለውዝ፣ ሮማንና ብርቱካን ያሉ፤ ውስጣቸው ድንጋይ ያለ፣ እንደ ወይራና ተምር ያሉ፤ ሙሉ በሙሉ የሚበሉ፣ እንደ በለስና ወይን ያሉ። አራቱ ጽዋዎች ደግሞ ከነጭ ተነሥተው ወደ ቀይ ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ነጭ፣ ሁለተኛው ጥቂት ቀይ የገባበት ነጭ፣ ሦስተኛው ጥቂት ነጭ የገባበት ቀይ፣ አራተኛው ቀይ ነው። ክረምቱ ወደ ጸደይ ሲለወጥ ይታይበታል። ለልጆች በነጭና በቀይ የወይን ጭማቂ ይሠራል፤ በመስታወት ብርጭቆ ሲቀዳ ከየትኛውም የወረቀት ሐረግ በላይ ገበታውን ያደምቃል።

ፍሬዎቹ የሚቀርቡበት ዕቃ ላይ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ሰፌድ ካላችሁ አውጡት። ቀለም በገባ አለላ የተሰፋ ሰፌድ መሀሉ ላይ ተምርና በለስ፣ በዙሪያው ብርቱካን ተደርድሮበት ሲቀመጥ ሌላ ማስጌጫ አያሻውም። አያትም የራሷ ዕቃ በገበታው መሀል ሲቀመጥ ወግ ትጀምራለች።

ወጉን የሚያመጡት ፍሬዎቹም ናቸው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ምድሪቱን የሚያመሰግንባቸውን ሰባቱን፣ ማለትም ስንዴ፣ ገብስ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራና ማር (ሊቃውንቱ የተምር ማር ነው ይላሉ) በአማርኛ ሁላችንም በስም እናውቃቸዋለን፤ ነገሩ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በሰሜን ያደገ ሰው በለስ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው እሾሃሙ ቁልቋል ነው፤ እርሱ እዚህ ሳብረስ ይባላል። ወይራ ሲባል ደግሞ አያቶቻችን የሚያስታውሱት የሚበላ ፍሬ ሳይሆን የወተት ዕቃ የሚታጠንበትን እንጨት ነው። አንድ የወይራ ፍሬ በሳህን ላይ አስቀምጣችሁ «እማማ፣ በአገራችን ወይራ ለምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የጭሱን ሽታ እስኪሸታችሁ ድረስ ይነግሯችኋል።

ከወጪ አንፃር ትልቁ ስሕተት የደረቀ ፍራፍሬ ብቻ መግዛት ነው። የደረቀ ፍራፍሬ የዚህ በዓል ምግብ የሆነው በስደት አገር የነበሩ ማኅበረሰቦች በክረምት ከምድረ እስራኤል ትኩስ ፍሬ ሊደርሳቸው ስለማይችል ነበር። በእስራኤል ለሚኖር ሰው ግን በዚህ ወር ብርቱካን፣ ክሌመንቲን፣ ፖሜሎና አቮካዶ ትኩስና ርካሽ ናቸው። በስኳር የተነከረውንና ቀለም የገባበትን ፓፓያና አናናስ ትታችሁ ጥቂት ተምር፣ ዘቢብና በለስ ብትጨምሩበት ይበቃል። የደረቀ በለስ ትል ስለሚያዘወትረው ለሁለት ከፍቶ በብርሃን ማየት የግድ ነው። ይህ አማራጭ በሰንበትም የሚያገለግል ስለሆነ በ2027 ዓርብ ማታ ላይ ከሰንበት እራት ጋር አንድ ላይ ሊቀርብ ይችላል።

5. በጣሳ ዘር መዝራት

በብዙ ቤት የተለመደው በቱ ቢሽቫት ፐርሰሜሎ፣ በዕብራይስጥ ፔትሮዚሊያ የሚባለውን፣ ዘርቶ ለፋሲካ ሴደር ገበታ ማድረስ ነው። ከሽቫት 15 እስከ ኒሳን 15 ድረስ 59 ቀን ነው፤ አዳር የተባለው ወር ሁለት ጊዜ በሚመጣባቸው ዓመታት 89 ቀን ይሆናል፤ 2027ም እንዲህ ካሉት ዓመታት አንዱ ነው። አንድ በዓል ሌላውን በዓል ሲመግብ ልጁ በዓይኑ ያያል፤ ከማስተማር አንፃር ከዚህ የሚበልጥ የለም።

አስቸጋሪው ነገር ፐርሰሜሎ ለመብቀል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መፍጀቱ ነው። መጀመሪያ ያሠራሁበት ዓመት ልጆቹ ቀዳዳ በሌለው ጣሳ ዘርተው በየቀኑ ያጠጡት ነበር፤ ዘሩ በስብሶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጣሳዎቹን ሲገለብጡ የአንዲት ልጅ ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ የጣሳው ወይም የእርጎ ዕቃው ሥር በምስማር አራት ቦታ ይበሳል፤ ዘሩ ሌሊቱን ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ ያድራል፤ ከአፈሩ ገጽ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ወርዶ ይሸፈናል፤ አፈሩ በጣት ሲነካ ደረቅ ካልሆነ ውኃ አይጨመርም። ከጎኑ በሌላ ጣሳ ገብስ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ እነዚህ በጥቂት ቀን ውስጥ ብቅ ስለሚሉ ልጁ ፐርሰሜሎውን በትዕግሥት ይጠብቃል፣ ከሰባቱም ዓይነት ሁለቱን በእጁ ያበቅላል።

አያት የምትገባውም እዚሁ ላይ ነው። የተነከረ ገብስ በጨርቅ ተሸፍኖ ጫፉ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ያየች የጎንደር እናት «ይህማ ብቅል ነው!» ማለቷ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ስለ ውኃው መጠን፣ ስለ ሙቀቱና ስለ መሸፈኛው የእርስዎ ምክር አያስፈልግም፤ አስተማሪዋ እርሷ ናት።

የጣሳው ውጫዊ ክፍል በሥዕል ወይም በተረፈ ጥለት ጨርቅ ሊጌጥ ይችላል። ለመስኮት ዳር ብቻ የሚሆን ቦታ ይበቃዋል፤ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና ውርጭ ባለበት አገር ለሚኖሩም ከመዝራት አማራጮች የሚሠራው ይህ ብቻ ነው። በሽሚታ ዓመት በእስራኤል በቤት ውስጥ ስለመዝራት ረቢ መጠየቅ ይገባል።

ትዕግሥተኛ ልጅ ካለ የተምር ፍሬ ድንጋይም ይተከል። በጥንታዊው የማሳዳ ምሽግ ቁፋሮ የተገኘ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የተምር ዘር በ2005 በዚሁ በቱ ቢሽቫት ቀን በኪቡጽ ኬቱራ ተዘርቶ በቅሏል፤ ማቱሳላ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ይህን የሰማ ልጅ ያላኘከውን ፍሬ ድንጋይ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ያስቀምጣል።

6. ስፌትና ሸክላ

ከእኛ ቤት ወደዚህ በዓል ሊገባ የሚችል የእጅ ሙያ ካለ ይህ ነው። ስፌት የሚሠራው ከሣር ነው፤ ስንደዶና አክርማ በእስራኤል በቀላሉ ባይገኙም በራፍያና በደረቀ የተምር ዘንባባ ትንሽ የብርጭቆ ማስቀመጫ ወይም የለውዝ መያዣ መስፋት ይቻላል። የሱኮት በዓል ሉላቭ (የተምር ዘንባባ) ደርቆ ከተቀመጠ ቅጠሉ ተሰንጥቆ ለዚህ ያገለግላል። አንድ መዳፍ የሚያህል ክብ ለመጨረስ ለጀማሪ ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ይፈጃል፤ ወስፌው ስለታም ስለሆነ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጥም፤ ታናናሾቹ ሣሩን እያራሱ ያቀብላሉ። ወጪው ጥቂት ነው፣ ጊዜው ብዙ ነው፣ የሚቀረው ዕቃ ግን ዓመታት ይቆያል።

ሳይተኮስ የሚደርቀው ሸክላ ለትንንሾች ይመቻል፤ ሮማን፣ በለስና የወይን ዘለላ እየሠሩ በቀዳዳቸው ክር አስገብተው ይሰቅሏቸዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ በዚያው ሙያም ምክንያት ቡዳ እየተባሉ ተሰድበዋል። ስለዚህ «እማማ ያስተምሩን» ሲባሉ የሚያመነቱ እናቶች አጋጥመውኛል። አይገፉ፤ ልጆቹ ሲሠሩ አጠገባቸው ይቀመጡ። አንዲት እናት አንድ ሙሉ ሰዓት ዝም ብለው ካዩ በኋላ የአንዱን ልጅ ጽዋ ተቀብለው አፉን በእርጥብ አውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ሲያዞሩት የተሰነጠቀው ተዘጋ፤ ልጆቹ ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ተሰለፉ።

7. ችግኝ መትከል

ቀረን ካየመት በ1901 የተመሠረተ ሲሆን ራሱ እንደሚገልጸው እስከ ዛሬ ከ240 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተክሏል፤ በዚህ ሰሞን ለቤተሰቦችና ለትምህርት ቤቶች የተከላ ሥፍራዎችን ያዘጋጃል። ልጅ በጭቃ እጁን አስገብቶ ችግኝ ካቆመ የትኛውም ወረቀት አይወዳደረውም። መጓጓዣው ለብዙ ልጆች ቤተሰብ ይከብዳል፣ ዝናብም ጉዞውን ሊያስቀር ይችላል፤ ከሥፍራው ከመሄዳችሁ በፊት ተመዝገቡ፣ ቦት ጫማም አትርሱ።

በመኖሪያ ሕንፃ ግቢ መትከል የሚፈልግ የሕንፃውን ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቅ፣ የቧንቧ መስመር የት እንዳለም ይወቅ። ፍሬ የሚበላ ዛፍ ከሆነ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እንደሚያዝዘው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ፍሬ እንደማይበላ ለልጁ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በጎንደርና በአዲስ አበባ ባሉት የአይሁድ ማኅበረሰቦች የምታከብሩ ደግሞ ወቅቱን አስቡ፤ ሽቫት በእናንተ ዘንድ ጥርና የካቲት ነው፣ በጋ ነው፣ ዛፍ የሚተከለው በሐምሌ ዝናብ ነው። ለእናንተ በጣሳ ማፍላት ይሻላል፤ ችግኙ ክረምት ሲገባ ወደ መሬት ይዛወራል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ወጪ | የሚመች ዕድሜ | ስለ ዛፍ ያስተምራል? | የአያት ድርሻ | በሰንበት ሲውል | ከበዓሉ በኋላ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ተዘጋጅቶ የሚሸጥ | መካከለኛ | ሁሉም | ጥቂት | የለም | ቀድሞ ከተሰቀለ ይሆናል | ቆሻሻ |
| የወረቀት ለውዝ ዛፍ | በጣም ትንሽ | ከ3 ዓመት | አዎ፣ በትክክል ከተሠራ | ትንሽ | ቀድሞ ይሠራል | ሳምንታት ይቆያል |
| የእህል ሥዕል | ትንሽ | ከ4 ዓመት | ጥቂት | ልብ ይነካል | ቀድሞ ይሠራል | እህል ይባክናል |
| የፍራፍሬ ገበታ | ከትንሽ እስከ ከፍተኛ | ሁሉም፣ ጠንካራ ፍሬ ከ5 ዓመት | በጣም | ትልቅ | በጣም ይመቻል | ይበላል |
| ዘር በጣሳ | በጣም ትንሽ | ከ3 ዓመት | በጣም | ትልቅ | ቀድሞ ይዘራል | ለፋሲካ ይደርሳል |
| ስፌትና ሸክላ | ትንሽ | ስፌት ከ8፣ ሸክላ ከ3 | መካከለኛ | ከሁሉ ትልቅ | ቀድሞ ይሠራል | ዓመታት ይቆያል |
| ችግኝ መትከል | መጓጓዣ | ከ4 ዓመት | ከሁሉ በላይ | ትልቅ | በሌላ ቀን ይደረጋል | ዛፍ |

ለማን የትኛው?

ትንንሽ ልጆችና ጠባብ ቤት ላለው፣ ወጪም ለሚያሳስበው ቤተሰብ የወረቀት ለውዝ ዛፍና አንድ ጣሳ ዘር ይበቃሉ፤ ሁለቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ። አያት አብራ ለምትኖርበት ቤት የፍራፍሬ ገበታውን በሰፌድ አስቀድማለሁ፤ ልጆቹ ከስምንት ዓመት በላይ ከሆኑ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ስፌት ይጀመር። ከጋን ሥራ ሠርታችሁ አምጡ ለተባለ ወላጅ የብርቱካን ልጣጭና የጥድ ፍሬ ሥዕል ፈጣን ነው፤ ለጋን የሚላክ ምግብ ላይ ግን ለውዝና ኦቾሎኒ አይግቡበት። ለትልቅ ቡድን የሸክላ ፍራፍሬ ከሁሉ ይረክሳል፣ በክር ተሰክቶም አዳራሹን ያስጌጣል። ጥቂት ገንዘብ ማውጣት የሚችል ቤተሰብ ገንዘቡን ከማስጌጫ ይልቅ ለተከላ ጉዞ ቢያውለው እመርጣለሁ፤ ጉዞው በሽሚታ ዓመት ስለማይኖር ከዚያ በፊት ቢደረግ ይሻላል።

በ2027 በዓሉ ሰንበት ላይ ስለሚውል ጊዜውን እንዲህ ብትከፍሉት ይቀላል፦ ስፌት በዲሴምበር መጨረሻ ይጀመር፤ የወረቀት ዛፉ በሳምንቱ መጀመሪያ ይሠራ፤ የፐርሰሜሎው ዘር ረቡዕ ማታ ተነክሮ ሐሙስ ይዘራ፤ በለሱ ዓርብ ጠዋት ተከፍቶ ይታይ፤ ጣሳዎቹ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሻማ ከመለኮሱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ውኃ ይጠጡ።